የእንጉዳዩ ነጭ ዱቄት ተዘርቶ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ «ጓሮዬ ባለች አንዲት ክፍል ኦይስተር እንጉዳይ በላስቲክ ከረጢት አመርታለሁ። ዘሩን በየጊዜው መግዛት ከብዶኛል። እንጉዳዩ ሳይለቀም ከቆየ መደርደሪያው ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነሳል። የእንጉዳዩ ዘር ነው አሉኝ። ሰብስቤ ብዘራው አይበቅልም? ሌላም አለኝ። ሳሎን ያለችው ፈርን የምትባል ተክል ከቅጠሏ ስር ቡናማ ነጠብጣብ አውጥታለች። ባለቤቴ በሽታ ነው ብላ ልትጥላት ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ እሱም ዘር ነው ይላል። ለመሆኑ ስፖር ማለት ትንሽ ዘር ማለት ነው?»

መልስ፦

በመጀመሪያ ባለቤትዎ ፈርኗን እንዳይጥሏት ይንገሩልኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ዱቄቱ ስፖር ነው፣ ልክ ነገሩዎት። ስፖር ግን ትንሽ ዘር አይደለም። ሰብስበው ቢበትኑት የተወሰነው መብቀሉ አይቀርም። ለገበያ የሚሆን እንጉዳይ ይለቅሙበታል ብዬ ግን አላስብም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከባቄላ ልጀምር።

አንድ ባቄላ ውሃ ውስጥ አሳድሩና ልጣጩን ገፈው ለሁለት ይክፈሉት። ጫፉ ላይ የታጠፈች ትንሽ ነገር ያያሉ። ሥርና ቅጠል የጀመረች ተክል ናት። ወፋፍራሞቹ ሁለት ክፋዮች ደግሞ ስንቋ ናቸው። ዘር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፦ ወላጆቹ ተገናኝተው የተፀነሰ፣ ስንቅ የተቋጠረለት፣ ልብስ ለብሶ ከቤት የሚወጣ ልጅ።

ስፖር አንድ ሕዋስ ነው፣ አለቀ። ውስጡ ጽንስ የለም። የያዘችው ምግብ ለመብቀያ ያህል እንጂ ለመሰንበቻ አትበቃም። የኦይስተር ስፖሮች ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ 1 ሚሊሜትር ለመሙላት 100 ያህል ያስፈልጋሉ። ወላጁ ለአንድ ልጅ ብዙ ከማውጣት ይልቅ ብዙ ልጅ በርካሽ መላክን ነው የመረጠው። እንግሊዝ ተወልዶ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ከተማ ያስተማረው የፈንገስ ተመራማሪ ሬጂናልድ ቡለር አንድ ትልቅ ፓፍቦል፣ ማለትም ያ እንደ ኳስ የሚያብጠው እንጉዳይ፣ ውስጡ 7 ትሪሊዮን ገደማ ስፖር እንዳለ አስልቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ አንድ ሁለቱ ቢሳካላቸው ለፓፍቦሉ በቂ ነው።

(ድንበሩ ግን የተሰመረ መስመር አይደለም። የኦርኪድ ዘር ከአቧራ የማይሻል፣ ስንቅ ያልተቋጠረለት ነገር ነው። ለመብቀል አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ እስኪመግበው መጠበቅ አለበት። ቢሆንም ጽንስ ስላለው ዘር ነው።)

አሁን ወደ መደርደሪያዎ። የአንዱን እንጉዳይ ቆብ ገልብጠው ይዩት። ከግንዱ ተነስተው ወደ ዳር የሚወርዱ ስስ ሽንሽኖች አሉ። በሁለቱም ፊታቸው ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ ዱላ መሰል ሕዋሶች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ዱላ ጫፉ ላይ አራት ስፖር ያወጣል። ስፖሩ ሲደርስ እግሩ አጠገብ የውሃ ጠብታ ትቋጠራለች። የአየሩን እርጥበት እየሳበች ታድግና ድንገት የስፖሩ ጎን ላይ ካለው ስስ ውሃ ጋር ትቀላቀላለች። በዚያች ቅጽበት ስፖሩ ይስፈነጠራል። የቡለር ጠብታ ይሏታል፣ በእኚሁ ሰው ስም።

የሚገርመው ርቀቱ ነው። ፍጥነቱ ከፍተኛ ሆኖ ሳለ የሚሄደው የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ብዙ አልፎ ቢሄድ ፊት ለፊቱ ካለው ሽንሽን ጋር ተላትሞ እዚያው ይጣበቅ ነበር። በሁለቱ ሽንሽኖች መሀል ሲደርስ አየሩ ያቆመዋል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከቆቡ ስር ሲወጣ ነፋስ ይቀበለዋል። ክፍልዎ ውስጥ ነፋስ የለም። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ይህን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ግንዱን ቆርጠው ቆቡን ሽንሽኑ ወደ ታች ሆኖ ጥቁር ወረቀት ላይ ያስቀምጡት። ብርጭቆ ይድፉበትና ያሳድሩት። ጠዋት የሽንሽኖቹ መስመር በሙሉ በነጭ፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ዱቄት ታትሞ ያገኙታል። ቀለሙ የእንጉዳይ ዓይነት ለመለየት ይረዳል፣ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ይሄን አንብቦ ሜዳ ላይ ያገኘውን የጅብ ጥላ ወደ ድስት የሚወስድ እንዳይኖር ግን ላስጠንቅቅ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው አማኒታ የሚባለው እንጉዳይም ስፖሩ ነጭ ነው።

የኦይስተር አንድ ስፖር ብቻውን ቢበቅል ቀጭን ነጭ ክር ያወጣል፣ ክሩም ያድጋል፣ እንጉዳይ ግን አይሰጥም። የክሩ ሕዋሶች አንድ አንድ ኒውክለስ (ጂኖቹን የያዘው የሕዋስ እምብርት) ብቻ ነው ያላቸው። ከሌላ ስፖር ከበቀለ ክር ጋር መገጣጠም አለበት። እዚህ ወንድና ሴት የለም። መስማማት አለመስማማትን የሚወስኑ ሁለት የጂን ቦታዎች አሉ፤ ሁለቱም ቦታ ላይ መለያየት ግድ ነው። ከአንድ እንጉዳይ የወጡ ስፖሮች በዘፈቀደ ሲገናኙ የሚስማሙት ከአራት አንዱ ነው። ወንድምና እህት እንዳይጋቡ የሚያከላክል ጥሩ ዘዴ ነው።

ሲስማሙ ክሮቹ ይገጥማሉ፣ ኒውክለሶቹ ግን ወዲያው አይዋሃዱም። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ሆነው ይኖራሉ። ማይክሮስኮፕ ካገኙ ክሩ በተከፋፈለበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ጉብታ ያያሉ። በኦይስተር ላይ ያቺ ጉብታ የመጋባታቸው ምልክት ናት። ጉብታ ያለው ክር ነው እንጉዳይ የሚያፈራው። ኒውክለሶቹ የሚዋሃዱት በመጨረሻ፣ ሽንሽኑ ላይ፣ አዲስ ስፖር ሊሠራ ሲል ነው።

ሱፐርማርኬት ውስጥ በካርቶን የሚሸጠው ነጩ ቡተን እንጉዳይ ይህን ሁሉ ጣጣ አሳጥሮታል። ዱላዎቹ በአብዛኛው ሁለት ስፖር ብቻ ይሠራሉ፣ አንዱ ስፖር ሁለት ኒውክለስ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ብቻውን በቅሎ ማፍራት ይችላል።

«ዱቄቱ ውስጥ ሚሊዮኖች ስላሉ የሚስማሙት መገናኘታቸው ይቀራል እንዴ?» ካሉኝ፣ አይቀርም። ዋናው ችግር እዚያ ላይ አይደለም። ችግሩ ጊዜ ነው። እርስዎ የሚገዙት ዘር የተጋባ፣ በሕይወት ያለ ክር ነው፤ የተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ላይ አድጎ፣ ጠግቦ ነው የሚመጣው። ገለባው ውስጥ እንደገባ ይሠራል። ስፖር ደግሞ መጀመሪያ መብቀል፣ ከዚያ አቻ መፈለግ፣ ከዚያ መጋባት አለበት። እስከዚያ ድረስ ሻጋታ ይቀድመዋል። በፈላ ውሃ የታሸ ገለባ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። ትራይኮደርማ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ ይህን የመሰለ ዕድል አግኝቶ አያውቅም። የእርስዎ ዱቄትም መደርደሪያ ላይ ሲቆይ የሻጋታ ስፖር ተቀላቅሎበታል። ሁለቱን አብረው ነው የሚዘሩት።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ የተጋባ ጥንድ አዲስ ዝርያ ነው። አንዱ ቶሎ ያድጋል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ግንዱ ብቻ ረዝሞ ቆቡ ሚጢጢ ይሆናል። ዘር አምራቾች ጥሩውን መርጠው በክር የሚያባዙት ለዚህ ነው።

ወጪ መቀነስ ከፈለጉ መንገዱ ዱቄቱን ትቶ ሥጋውን መያዝ ነው። ትኩስና ጤነኛ እንጉዳይ በእጅዎ ለሁለት ይሰንጥቁ። በቢላዋ አይክፈሉት፣ ቢላዋው ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከውስጡ፣ አየር ካልነካው ቦታ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቁራጭ በእሳት በተለበለበ ምላጭ ያንሱ። እሷን በድንች ውሃና አጋር በሚባል ፈሳሽ በሚያረጋ ዱቄት በተሠራ ጄሊ ላይ ያኑሯት። ነጭ ክር ሲሞላ ጄሊውን ቆራርጠው በተቀቀለ ማሽላ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩ። ማሽላው አስቀድሞ በፕሬዠር ኩከር በ121 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል መቆየት አለበት። ከስፖር ሳይሆን ከተጋባው ክር ስለተነሱ የሚያገኙት ያንኑ እንጉዳይ ነው። ታዲያ ከዘር ዘር፣ ከዘር ዘር እያባዙ ዓመቱን ሙሉ አይሂዱ። ክሩ እያረጀ ይደክማል። ሲዘገይ ወይም ምርቱ ሲወርድ ካዩ አዲስ ይጀምሩ ወይም ይግዙ።

ፕሬዠር ኩከር ከሌለ፣ የእንጉዳዩን ግርጌ፣ ገለባው ላይ የነበረውን ቁራጭ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ እርጥብ ካርቶን ድርብርብ መሀል ያስቀምጡ። ኦይስተር ካርቶን ይበላል፣ ክሩም ይስፋፋል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን ኪስ አይጎዳም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልበል። የኦይስተር ስፖር ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የሚተነፍሱት ሰዎች ላይ የሳንባ አለርጂ ያስነሳል። ከሥራ በኋላ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የደረት መጨነቅ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ያልፈዋል። መደርደሪያው ነጭ እስኪሆን መድረሱ ራሱ ዘግይተው እየለቀሙ እንደሆነ ይናገራል። የቆቡ ጠርዝ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ፣ ጠፍጣፋ ሳይሆን ይልቀሙ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ኤን95 ማስክ ያድርጉ፣ አየር ማስወጫም ያብጁለት። ዱቄቱን ለመሰብሰብ ደረቅ መጥረጊያ ይዘው እንዳይነሱ። በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት።

ስፖር ሁሉ ግን አቻ ፈላጊ አይደለም። መሶብ ውስጥ የቆየ እንጀራ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ በአብዛኛው ፔኒሲሊየም ነው። ስፖሮቹን የሚሠራው ያለ ጋብቻ ነው፣ ራሱን እየገለበጠ። አንዲት ብቻ ብታርፍ ትበቃለች። ደግሞም አረንጓዴው የሚታየው ስፖር ማፍራት ሲጀምር ነው፤ ነጩ ክር ከዚያ በፊት ውስጥ ለውስጥ ሄዷል። ከላይ ጠርጎ መብላት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ስንዴ ለሚያመርቱት ዘመዶቻችን ደግሞ ዋግን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዋግ ፈንገስ ነው። የተመታ ማሳ ውስጥ አቋርጠው ሲወጡ ሱሪዎ ላይ የሚቀረው ዝገት መሰል ዱቄት ስፖሩ ነው። ያም በጋብቻ አልተገኘም። ቅጠል ላይ ያርፋል፣ በጤዛው ይበቅላል፣ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ ይገባል። ሙቀቱ ከተስማማው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቆዳውን ቀዶ አዲስ ዱቄት ይበትናል። ድንበርም አያቆመው። ዩጂ99 የተባለው የግንድ ዋግ ኡጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ታወቀ። በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ተገኘ። እኛ አገር በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋግ ብዙ ማሳ ከመታ በኋላ ገበሬው ወደ ዲገሉ ዝርያ አዘነበለ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2013 እና በ2014 መካከል፣ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አወደመው። አንድ ዓይነት ስንዴ በሰፊው ሲዘራ፣ እሱን መስበር የቻለች አንዲት ስፖር ራሷን ገልብጣ ገልብጣ አገር ታዳርሳለች።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያም ስፖር አለው ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። አንድ ባክቴሪያ አንድ ስፖር ይሆናል፣ ያቺው አንዷ ተመልሳ አንድ ባክቴሪያ ትሆናለች። መራባት ሳይሆን ክፉ ቀን ማለፊያ ነው። ለዚህም ነው የሞተ ከብት የተቀበረበት አፈር ከብዙ ዓመት በኋላም የሚያስፈራው።

ወደ ፈርኗ እንምጣ። ነጠብጣቦቹ ከቅጠሉ ስር ብቻ ከሆኑ፣ በመስመር እኩል እኩል ተራርቀው ከተደረደሩ፣ በሽታ አይደሉም። የስፖር ከረጢቶች ስብስብ ናቸው። በተዝረከረከ ሁኔታ ግንዱም ላይ ካሉ፣ በጥፍር ሲነኩ ተፈንቅለው የሚወድቁ ከሆነ፣ ቅጠሉም የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ቅርፊት ለባሽ ነፍሳት ናቸውና በሳሙና ውሃ ይታጠቡ።

አንዱን ነጠብጣብ በአጉሊ መነጽር ይዩ። ውስጡ በቀጭን እግር የቆሙ ጥቃቅን ከረጢቶች ታጭቀዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ 64 ስፖር አለ። የከረጢቱን ጀርባ አንድ ረድፍ ሕዋስ እንደ ቀለበት ከብቦታል። አየሩ ሲደርቅ ከቀለበቱ ሕዋሶች ውሃ ይተናል፣ ቀለበቱም ወደ ኋላ እየተለጠጠ ከረጢቱን ይከፍታል። ውሃው መሳቡን መቋቋም ሲያቅተው በሕዋሶቹ ውስጥ አረፋ ይፈነዳል። ቀለበቱ ተመልሶ ሲዘጋ ስፖሮቹ በሰከንድ እስከ 10 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወረወራሉ። ደረቅ ቀን ላይ መብራት አጠገብ አድርገው በአጉሊ ካዩ ሲንቀሳቀስ ሊይዙት ይችላሉ።

እንዲህ ተወርውሮ ያረፈው ስፖር ሲበቅል የሚወጣው ፈርን አይደለም። ከአንድ ሴንቲሜትር የማይበልጥ፣ ስስ፣ ልብ የሚመስል አረንጓዴ ቅጠል ነው። ሥር የለው፣ ግንድ የለው። የወንድና የሴት ሕዋስ የሚሠራው እሱ ነው። የወንዱ ሕዋስ ጭራ አለው፣ ይዋኛል፤ ስለዚህ ያ ቦታ ቢያንስ በስስ ውሃ መሸፈን አለበት። ከተገናኙ በኋላ ከዚያች ልብ ላይ ትንሿ ፈርን ብቅ ትላለች። አንዱ ተክል ሌላውን፣ ሌላው መልሶ አንዱን ይወልዳል ማለት ነው። ይህን መፈራረቅ በ1851 (እ.ኤ.አ.) አጥርቶ ያሳየው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሆፍማይስተር ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ በአባቱ መጽሐፍ መሸጫ የሚሠራ ሰው ነበር። በካፋ ደኖች የሚገኘው ከሰው ቁመት በላይ የሚሄደው የዛፍ ፈርን እንኳ በዚህችው የጥፍር በምታህል ቅጠል በኩል ነው የሚያልፈው።

ጎረቤትዎ «ስፖር ትንሽ ዘር ነው» ካሉ፣ ነገሩ የሚቀርበው ተገልብጦ ነው። ተክሎች በስፖር የብስ ላይ ከወጡ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ዘር የመጣው ከዚያ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ነው። የመጣውም ከስፖር ነው። ባቄላም ዛሬ ስፖር ይሠራል፤ ሴቷን ስፖር ግን ወደ ነፋስ አይለቃትም፣ አበባው ውስጥ ይዟት ይቆያል። ያቺ የፈርን ልብ በባቄላ ላይ ጥቂት ሕዋስ ብቻ ሆና በእናቷ ሆድ ታድጋለች። የወንዱ ስፖር ደግሞ የአበባ ዱቄት ሆኖ ይመጣላታል። የሚዋኝበት ውሃ አላስፈለገውም። ዘር ደረቅ ሜዳ ላይ ያሸነፈው በዚህ ነው።

ፈርኗን ማባዛት ካማራችሁ፣ ነጠብጣቡ ቡናማ የሆነ ግን ገና ያልተበተነ ቅጠል ቆርጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አሳድሩ። ጠዋት የወረደውን ቡናማ ዱቄት የፈላ ውሃ ፈሶበት በቀዘቀዘ እርጥብ አፈር ላይ ሳትቀብሩ በትኑት። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍናችሁ ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አኑሩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አፈሩ አረንጓዴ ይለብሳል። አረም ነው ብላችሁ እንዳትጠርጉት፣ ልቦቹ እነሱ ናቸው። በዚህ ጊዜ ነው ውሃ መንፋት ያለባችሁ፣ የወንዱ ሕዋስ የሚዋኝበት እንዲያገኝ። እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጡ ወራት ይፈጃል። በቤት ውስጥ በብዛት የሚያዘው የቦስተን ፈርን ከሆነ ግን ስፖሩ ብዙ ጊዜ መካን ነው። እሱን ከሥሩ በምትሄደው ክር መሰል ቅርንጫፍ ላይ የበቀለውን ችግኝ ነቅሎ መትከል ይሻላል።